ሶፋ ውስጥ የተሰፋ ጠብ

የቤት ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ምስጋና ጠበቀ። የመጣለት ግን ምስጋና አልነበረም።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለው መርፌ።

«የቱ ሰውዬ?»

«አሁን ያነበብከው ነዋ። ትሑት፣ ታጋሽ፣ ዝምተኛ፣ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ሠርቶ አያውቅም። ምናልባት ቤት ተሳስተህ ይሆናል፤ እስቲ ማዶ ያለውን ብረት በያጅ ጠይቀው።»

«ጋሽ መርፌ፣ ሟች እኮ ናቸው።»

«መሞቱን ደግሞ ካንተ ልስማ?»

መርፌ የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ቀጭን ነው፣ ሶፋ ያለብሳል፣ ሲናገር ይወጋል፤ ስለዚህ በስሙ ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም። አጠገቡ ሆኖ የሶፋውን ፍሬም ከእንጨት እየገጣጠመ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው አናጢ ሽርካው ደግሞ ምስማር ይባል ነበር፤ አጭር፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ አንዴ አንድ ሐሳብ ላይ ከቆመ የማይነቀል። የቤቱ በር ላይ የተጻፈ ሌላ ስም ነበረ፣ ግን ማንም አያነበውም። «መርፌና ምስማር ጋ ሂድ» ነበር የሚባለው። ከአራት ወር በፊት አንድ ቀትር ላይ ምስማር እጁን ታጠበና «ትንሽ ልቀመጥ» ብሎ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አልተነሳም። ልብ ነው አሉ።

አሁን ማኅበሩ ፎቶውን በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ሊሰቅል ወስኗል፤ ከሥሩ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ይኖራል። ምረቃው ቅዳሜ ነው። ማተሚያ ቤቱ ጽሑፉን የሚቀበለው እስከ ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

የሟች ታሪክ ጸሐፊዎች ነገር መርፌን ከድሮም ያንገበግበዋል። ሰውን ሁለቴ ይቀብሩታል፤ አንዴ አፈር ውስጥ፣ አንዴ ቅጽል ውስጥ። አፈሩስ ቢያንስ ሰውየውን እንዳለ ነው የሚወስደው። እነሱ ግን ያጥቡታል፣ ይላጩታል፣ ጥርሱን ያወልቁታል፣ ከዚያ «ትሑትና ታጋሽ» የሚል ከረጢት ውስጥ ከተው አፉን ያስሩታል። አጭበርባሪውም ትሑት፣ ቱልቱላውም ትሑት፣ ሚስቱን ሲያስለቅስ የኖረውም ትሑት! በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ዐሥራ አንድ ሟቾች መካከል ትሑት ያልነበረ አንድም የለም። መርፌ ዐሥራ አንዱንም በሕይወት ያውቃቸዋል። በእርግጥ ትሑት የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ያውም አንደኛው ሰው ሲናገረው ስለማይሰማ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቁጣ ሥር ግን ለማንም ያልነገረው ፍርሃት ነበረበት። ባለፉት ሳምንታት ብቻውን ሲሰፋ ምስማር ቢኖር ምን ይለው እንደነበር ለመስማት ጆሮውን ያቆማል፤ ምንም አይመጣለትም። ይህ ወረቀት ግድግዳ ላይ ከወጣ እሱ ራሱ ዓመት ሳይሞላ ወረቀቱን ማመን ይጀምራል። ያን ጊዜ ምስማር የምር ሞተ ማለት ነው።

«አንቺስ ዝም ትያለሽ?» ብሎ ወደ ሟቹ ልጅ ዞረ።

እሷ ፎቶውን ይዛ የመጣች፣ አባቷ ይሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ፋርማሲስት ነች፤ ስትናገር ቃሉን እንደ ክኒን እየቆጠረች ነው።

«ምን ልበል ጋሼ? እኔም የማውቀው ይሄንኑ ሰው ነው» አለች። «እናቴ ካረፈች ጀምሮ ሁለታችን ብቻ ነን የኖርነው። ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ራቱን ይበላል፣ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይተኛል። በዓመት የተናገረው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም።»

«ቃሉን እዚህ ጨርሶ ነዋ የሚመጣው!»

«እዚህማ መጋዙ ይጮሃል፣ ያንተ የስፌት መኪና ይጮሃል። ልጅ ሆኜ ስመጣ አንዲት ቃል ስትለዋወጡ አይቼ አላውቅም።»

«እንነጋገር ነበር ያለሽ ማነው? እንጻጻፍ ነበር እንጂ!»

ጸሐፊው መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። መርፌም የሠላሳ አንድ ዓመቱን ምስጢር እንደ ዋዛ አወጣው። መጋዙና መኪናው ጆሮ ስለሚደፍኑ ምስማር ሊናገር የፈለገውን በሠራው ፍሬም እንጨት ላይ በጠመኔ ይጽፈዋል። ፍሬሙ ወደ መርፌ ሲመጣ መርፌ ያነባል፣ ቆሽቱ ያርራል፣ ከሥሩ በእርሳስ መልሱን ይጽፋል። ምስማር መጥቶ መልሱን ያያል፣ በአፍንጫው «እህ!» ይላል፣ ይሄዳል። ከዚያ ስፖንጁ ይገባል፣ ጨርቁ ይለብሳል፣ ጠቡም እዚያው ይሰፋል። የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የመርፌ ነበር፤ ምክንያቱም ምስማር መቺው እሱ ቢሆንም ጨርቅ መቺው መርፌ ነው። ይህ ነገር ሟቹን ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያቃጥለው ኖሯል።

«ታዲያ ምን ነበር የሚጽፈው?» አለ ጸሐፊው።

«ስድብ ነዋ! ሌላ ምን ይጻፋል? በዚህ ከተማ ውስጥ አራት መቶ ሶፋ አለን፤ አራት መቶውም ውስጥ ሰድቦኛል!»

ጸሐፊው ተነሳ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን መጨረስ የሚወድ ሰው ነው። «እንግዲያው እስከ ሐሙስ ጠዋት ሌላ ምስማር ካገኛችሁ አምጡልኝ። ካላገኛችሁ ያለው ይሄው ነው፤ ይታተማል» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ አየችው፤ ከዚያ መርፌን አየችው።

«ጋሼ፣ እኔ የምውለው መድኃኒት ቤት ነው። ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ያላየሁትን አላምንም። አሳየኝ።»

«ነገ ጠዋት!» አለ መርፌ፣ እንደ እሳት ቦግ ብሎ። «ዓይንሽን ከፍተሽ ነይ!»

ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ቤት ሄዱ። መምህርቷ መስኮት አጠገብ የሚቀመጡበት ነጠላ ሶፋ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከመርፌና ምስማር የወጣ ነው። መርፌ በውስጡ የተጻፈውን ቃል በቃል ያስታውሳል፤ መንገዱን ሙሉ ለልጅቷ ሲነግራት መጣ። «'የአንተን ስፌት ከማይ የዓሣ መረብ ላይ ብቀመጥ ይሻለኛል' ነው ያለኝ፤ በገዛ እጁ ተጽፎ ታይዋለሽ!»

«እትዬ፣ ሶፋዎን ለግማሽ ቀን ልፈታው ነው» አላቸው ገና በሩ ሳይዘጋ። «እንደነበረ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ከነበረውም አሳምሬ።»

«ምን ሆነ? ምን አለበት?» አሉ መምህርቷ።

«ሰው አለበት።»

መምህርቷ ወደ ልጅቷ አዩ። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። መምህርቷም አርባ ዓመት ልጆች ሲያስተምሩ ብዙ ነገር ሰምተዋልና ተነስተው ሌላ ወንበር ሳቡ።

መርፌ በጉጠት ትንንሾቹን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀለ፣ ጨርቁን ገለበጠ፣ ስፖንጁን አነሳ። እንጨቱ ብቅ አለ። መርፌ አፍንጫው እንጨቱን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸው።

ልጅቷም ጎንበስ አለች። እንጨቱ ላይ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር አለ፤ የጠመኔ ብናኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲቀመጡበት፣ ሲነሱበት ስፖንጁ ፈግፍጎ ፈግፍጎ አጥፍቶታል። ከሥሩ ግን በእርሳስ የተጻፈው እንደ ትናንት ሆኖ ቆሟል። ጮክ ብላ አነበበችው።

«'አፍህን ዝጋ አንተ ጎባጣ መጋዝ! የወንበርህን እግር ያየ ሰው ወንበሩ ሰክሯል ይላል። መጀመሪያ እንጨት ማቅናት ተማርና ከዚያ ስለ ስፌት ታወራለህ።'»

ቀና አለች። «ይሄ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የአባቴስ?»

መርፌ በጣቱ ጭጋጉን አሳያት።

«ስለዚህ» አለች ፋርማሲስቷ፣ ቃሉን እየቆጠረች፣ «አንተ ሰደብከው፤ እሱ ምንም አላለም። ጋሼ፣ ጸሐፊው እኮ ልክ ነው። ታጋሽ ነበር።»

መርፌ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። መምህርቷ ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስድብ ላይ ተቀምጬ ነው ሻይ የምጠጣው? እንዲያውም ለዚህ ነው እዚህ ወንበር ላይ ስሆን ቶሎ የምናደደው!»

ነገሩ የመጣው ከኩራት ነበር። መርፌና ምስማር «የኛ ሥራ ተመልሶ አይመጣም» ብለው ይፎክሩ ነበር፤ እውነትም ተመልሶ አልመጣም። እንደ ሌላው ሶፋ ሠሪ በየአምስት ዓመቱ ዕቃቸው እየተበላሸ ቢመለስላቸው ኖሮ ጠመኔ እንደሚጠፋ ገና ድሮ ባወቁ ነበር። ሥራቸውን አሳምረው በመሥራታቸው የአንዱ ቃል ጠፋ፣ የአንዱ ቀረ። ከአራት መቶ ሶፋ ውስጥ በአራት መቶው የሚነበበው መርፌ ብቻ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ላይ የሚጮህ አንድ ባለጌ ሆኖ።

ሶፋውን መልሶ ሲያለብስ ልጅቷ የጨርቁን ጫፍ ወጥራ ያዘችለት። መርፌ በሰማይም በምድርም ያለውን ሁሉ ረገመ። ጠመኔን ረገመ፣ ጠመኔ የፈለሰፈውን ረገመ፣ ጠመኔ የሚገዛበትን ሱቅ ባለቤት እስከ ዘመዶቹ ረገመ። መምህርቷ ይህኛውን ስላልወደዱት ተግሣጽ ሰጡት።

«ስንቴ ነገርኩት መሰለሽ?» አላት ለልጅቷ። «እርሳስ ያዝ፣ እርሳስ የሰው ዕቃ ነው አልኩት። 'ጠመኔ እጄን አያደክመኝም' አለ። ሰነፍ! በሕይወቱ እርሳስ የነካው አንዴ ነው፤ እሱንም የኔን፣ ያውም ሳያስፈቅድ!»

«መቼ?»

«እግሬን የሰበርኩ ጊዜ፣ ዛሬ ሰባት ዓመት። ሁለት ወር ተኛሁ። አንድ የጥርስ ሐኪም ለእንግዳ መቀበያው ሶፋ አዝዞ ነበር፣ አልታገሥ አለ። ይሄ ጉደኛ አባትሽ ታዲያ ፍሬሙንም ሠራ፣ ጨርቁንም ራሱ አለበሰው! አናጢ! ስፌቱን ብታይው... መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስላል፤ ወዲያ ይሄዳል፣ ወዲህ ይመለሳል፣ መሃል ላይ ቆሞ ያስባል። ስመለስ መሳቢያዬን ብከፍተው ቀዩ እርሳሴ የጥፍር ያህል ቀርቷል። ሦስት ሳምንት ነው የተጣላነው።»

«በእርሳስህ ምን አደረገበት?»

«ጨርቅ ላይ ምልክት አደረገበት፣ ሌላ ምን ያደርግበታል?»

ልጅቷ የያዘችውን ጨርቅ ለቀቀችው።

«ጋሼ፣ ለአንድ ሶፋ ጨርቅ ምልክት ለማድረግ ስንት እርሳስ ያልቃል?»

«ይሄን ታህል» አለ መርፌ፣ የጣቱን ጫፍ እያሳየ። ከዚያ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

«አንድ ሙሉ እርሳስ ነው የጨረሰው» አለችው።

«ግን ለማን ይጽፋል? አንባቢው እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ!»

«እሱን እንየዋ።»

እውነቱን ለመናገር መርፌ ወደዚያ ሐኪም ቤት በሰባት ዓመት ውስጥ አንዴም ረግጦ አያውቅም። ሐኪሙ ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት መንገድ ቢርቅ ነው። መርፌ ግን ያንን ስፌት ላለማየት ጥርሱን ሲያመው አውቶቡስ ይዞ ከተማ አቋርጦ ነው የሚሄደው። አንዴ ጉንጩ አብጦ እንኳ እያቃሰተ አለፈው።

ረቡዕ ሐኪሙ ለምሳ በሚዘጋበት ሰዓት ደረሱ። ሐኪሙ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ ሰው ነው።

«ሶፋዬ ምን አጠፋ?» አለ። «ጥሩ ሶፋ ነው እኮ።»

«ጥሩ?» መርፌ የመጣበትን ነገር ረሳው። «ይሄ ነው ጥሩ? ዓይን አለህ አንተ? ይሄን ስፌት ተመልከተው! ይሄ ስፌት ነው ወይስ...»

«በቀኝ በኩል ታች፣ ከኋላ ሁለተኛው ጥርስዎ መታየት አለበት» አለ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ወደ አፉ እያየ።

«እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ ጥርሴን ትቆጥራለህ?»

«እንደዚህ ሰፊ አድርጎ የሚከፍትልኝ ሰው አላገኝም።»

ልጅቷ መሃል ገባች። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ምን እንደሚፈልጉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሐኪሙ እጁን ታጠበና ሁለት ነገር ጠየቀ። ስምንት ሰዓት ላይ ሕሙማን ሲመጡ ሶፋው ለብሶ ይቆይ፤ እሱም ቆሞ ይመልከት።

መርፌ የሶፋውን የጀርባ ጨርቅ መንቀል ጀመረ። አናጢ የመታው ጨርቅ ስለሆነ ሥራው መከራ ነበር፤ ለሶፋ የሚበቃውን ምስማር በሦስት አብዝቶ፣ ለጣሪያ የሚሆን ምስማር ነው የመታበት። እየተራገመ ነቀለው። ጨርቁ ወረደ፣ ስፖንጁ ወረደ።

ከአንዱ ክንድ እስከ ሌላው ክንድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንጨቱ በሙሉ በቀይ እርሳስ ተጽፎበታል።

መርፌ መነጽሩን ፈለገ። ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እጁ ግን ሊያገኘው አልቻለም። «አንብቢው» አላት።

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ማንበብ ጀመረች።

«'ይህን ሶፋ ሠርቶ ያለበሰው ምስማር ነው። መርፌ እግሩን ሰብሮ ተኝቷል። ከደረጃ ወደቅሁ ይላል። እኔ ግን ከትዕቢቱ ላይ ነው የወደቀው እላለሁ፤ ከፍታው ያው ነው።'»

«ይሄው!» አለ መርፌ እንደ ልጅ ዘሎ። «ይሄው! ታጋሽ ነው ያልሽው? ስሚ!»

«ቆይ፣ ከሥሩ አለ። 'መርፌ፦ አንተ ብትወድቅ ምንም አይሰበርም፤ ጭንቅላትህ ባዶ ስለሆነ ይነጥራል።'» ቀና አለች። «ይሄስ ያንተ ነው?»

«እንዴት የኔ ይሆናል? አልጋ ላይ ነበርኩ አላልኩሽም!»

«ስምህ አለበት። ጽሑፉም ያንተን ይመስላል፤ ወደ ግራ ያዘመመ ነው።»

መርፌ ተንበረከከ፤ ተሰብራ የነበረች እግሩ ተንቋቋች። የራሱን የእጅ ጽሑፍ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ አየው። ምስማር የሚመልስለት ሰው ሲያጣ የመርፌንም መልስ ራሱ ጽፎታል። ልጅቷ ቀጠለች፤ ድምጿ እየሞቀ፣ ለሁለቱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ድምፅ እያወጣች።

«'ምስማር፦ ስፌቴ ግን ካንተ ይበልጣል። መርፌ፦ ይሄ ስፌት ነው? እኔ የተሰፋ ቁስል መስሎኝ። ምስማር፦ ሐኪሙ ወዶታል። መርፌ፦ ሐኪሙ ስለ ጥርስ እንጂ ስለ ጨርቅ ምን ያውቃል? ሦስት ጊዜ ቀለም ያስለወጠ ሰው!'»

«ሁለት ጊዜ ነው!» አለ ሐኪሙ ከኋላ።

«ሦስት ነው፤ ተጽፏል» አለች ልጅቷ ሳትዞር።

«እኔ 'የተሰፋ ቁስል' አልልም» አለ መርፌ።

«ትላለህ ጋሼ። ትናንት 'መንገድ የጠፋበት ሰው' ብለሃል፤ ያው ነው።»

እንዲህ እያለ ሄደ። ስለ መጋዙ ተሰዳደቡ፣ ስለ ፖለቲካ ተሰዳደቡ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ በሚለው ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ጣውላ ፈጁ። ሐኪሙ ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። መርፌ ግን እየሳቀም እየተናደደም የሚያደርገው ጠፍቶት ነበር። ምክንያቱም ምስማር በሱ አፍ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ ልክ ነበር። አንዳንዱማ እሱ ራሱ ሊለው ከሚችለው የተሻለ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይቅር የማይባል ድፍረት ነው።

ታች ላይ ጽሑፉ እየደቀቀ መጣ። ልጅቷም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«'ምስማር፦ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መርፌ፦ ጸጥታ ስትመኝ አልነበር? ይኸውልህ፣ ጥገበው። ምስማር፦ ደስ አይልም። መርፌ፦ ...'» ቆመች።

«ምን ይላል?»

«'እዚህ ላይ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።'»

ከዚያ በታች የመዳፍ ያህል ባዶ እንጨት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምንም።

ልጅቷ እዚያው ተቀመጠች። ስትናገር ቃል አልቆጠረችም። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ስጠይቀው እኮ መልሱ ይሄ ነበር። 'ነገ እጠይቅና እነግርሻለሁ።' ማንን እንደሚጠይቅ ነግሮኝ አያውቅም። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ መድኃኒት ላጥና ወይስ ሕግ አልኩት፤ 'ነገ እጠይቃለሁ' አለ። በማግስቱ መጥቶ 'መድኃኒት' አለኝ። አንዲት ቃል።»

መርፌ ግንባሩን መታ። «አስታወስኩት! 'ልጅቷ መድኃኒት ወይስ ሕግ ትማር ትላለች፣ ምን ትላለህ?' አለኝ። 'መድኃኒት ትማር፣ ምናልባት ላንተ የሚሆን ታገኛለች፤ ሕግማ ካንተ ጋር ስትኖር ጨርሳዋለች' አልኩት።»

«ታዲያ የኔ ዕድል የተወሰነው የማን ሶፋ ውስጥ ነው?»

«የአንድ ጠበቃ።»

እዚያ ላይ ነው የፈነዳችው። ወለሉ ላይ ተዘርራ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባ ገባበት፣ ግን አላቆመውም። ሐኪሙ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ጥጥ አቀበላት።

መርፌ እርሳሱን አውጥቶ ባዶዋን ቦታ አፍጥጦ ያያት ጀመር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ መልስ አጥቶ አያውቅም። ያኔ እግሩ ድኖ ወደ ሥራ ሲመለስ ምስማር ምንም አልጠየቀውም፤ ዝም ብሎ መጋዙን አስነስቶ ነበር። መርፌም ዝም ብሎ ስለ እርሳሱ ነው የጮኸበት። አሁን ጊዜው እየሄደ ነው፣ የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ጉንጯን ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ ሐኪሙ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።»

«አውቃለሁ! አትጨቅጭቂኝ!»

በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ አንድ መስመር ጻፈ። ልጅቷ በትከሻው በኩል አነበበችው። «'መርፌ፦ እኔም አልወደድኩትም። መስኮቱን ግን ዝጋው።'»

ከዚያ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አለበሰው። ስፌቱን ቀጥ አድርጎ፣ እንከን በሌለው እጅ፤ ለጓደኛ ብሎ ጠማማ ሥራ መሥራት የሱ ነገር አይደለም። ምስማርም ቢኖር በዚህ ይስማማ ነበር፤ ተሳድቦ ሲያበቃ።

ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤት ተመልሰው የጸሐፊውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መርፌ እርሳሱን አሾለ። ምስማር የሱን ቃል ሊጽፍለት ከቻለ፣ እሱስ የምስማርን ምን ይከለክለዋል? «ትሑት ነበር» የሚለውን አነበበና ጆሮውን አቆመ። አራት ወር ጠፍቶ የከረመው ድምፅ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አፍንጫውን ነፍቶ መጣ። መርፌ ከሥሩ ጻፈ፦ «ማን? እኔ? እዚህ ከተማ ውስጥ ከኔ የተሻለ አናጢ ካለ ይምጣና እንተያይ።» «ታጋሽ ነበር» የሚለው ሥር ደግሞ፦ «ከዚህ መርፌ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ሳልገድለው መቅረቴን ከሆነ የምትሉት፣ አዎ።» እጁ መቆም አቃተው።

ሐሙስ ጠዋት ጸሐፊው አንብቦት ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ ሥርዓት አይደለም! ሟች ለሕይወት ታሪኩ መልስ ሲሰጥ የት ታይቷል?»

«ሌሎቹ ዐሥራ አንዱ የሚሉት ስለሌላቸው ነው» አለ መርፌ።

«ፎቶው የኔ ነው» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «ይሄ ካልታተመ ፎቶውን ይዤ እገባለሁ። ባዶ ምስማር ታስመርቃላችሁ።»

ታተመ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ጸሐፊው ጽሑፉን በዚያ በለመደው የሐዘን ድምፅ ሊያነብ ተነሳ፤ «ትሑት ነበር» እስከሚለው ደረሰ። ከሥሩ ያለውን መልስ ሲያነብ ግን ድምፁ አልታዘዝ አለው፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንድ የማጣበቂያ ነጋዴ ከመሃል ተነስቶ «እኔንስ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ!» አለ። ነገረ። ሌላው ተነሳ፣ «ያ ምን አላት፣ የኔን ስሙ!» አለ። በየተራ ስድባቸውን እንደ ሜዳልያ ያወጡ ጀመር። መምህርቷም መጥተው ነበር፤ በሶፋቸው ውስጥ የተጻፈውን ለአጠገባቸው ሰው ሲናገሩ ይሰማሉ።

ልጅቷ ማስታወሻ አውጥታ ሁሉንም ትጽፋለች። መርፌ በትከሻዋ በኩል እያየ ይቆጣታል።

«'አህያ' አላለውም። 'አህያ' ብሎ አይሳደብም፤ ይሄ ነጋዴ የራሱን ጨምሮ ነው።»

«ይላል ጋሼ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰደበኝ እኔን ነው ወይስ አንቺን?»

«እኔ ደግሞ ልጁ ነኝ፤ ግንባሬም ምላሴም የሱ ነው። 'አህያ' ይላል!»

«አይልም!»

«ይላል! ደግሞ ጣትህን ከደብተሬ ላይ አንሳ፣ አንተ ዝገት የበላህ መርፌ!»

መርፌ አፉን ከፈተ። ወደ ልጅቷ አየ፣ ወደ ፎቶው አየ፣ ተመልሶ ወደ ልጅቷ አየ። ከዚያ ፊቱ እስከ ጆሮው በራ፣ ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ። «እንዲህ ነው እንዴ? እንግዲያው ስሚኝ አንቺ ጊዜው ያለፈበት ክኒን...» ብሎ ጀመረ።

ጸሐፊው ከመድረኩ ላይ ሆኖ ጸጥታ ጠየቀ። የሚሰጠው ሰው አልተገኘም።